ክሮም ሲከፈት ሎጉ ላይ ብቅ የሚሉት ሦስት የተዘበራረቁ ስሞች፦ የጉዳይ ጥናት

ቢሮ ውስጥ ስኩዊድ ፕሮክሲ (የሰራተኞቹን የኢንተርኔት ጥያቄ መሀል ላይ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሰርቨር) አስቀምጦ አክሰስ ሎጉን (ማን ምን እንደጠየቀ የሚመዘገብበትን ፋይል) በየጊዜው የሚያይ ሰው ከ2020 በፊት ይቺን ነገር ሳያያት አልቀረም። ሰራተኛው ጠዋት ይገባል፣ ኮምፒውተሩን ያበራል፣ ክሮምን ይከፍታል፣ ከዛ ከኢሜይሉና ከዜና ገጹ መሀል ሦስት መስመሮች ተከታትለው ይወርዳሉ፣ ሦስቱም ከአንድ አይፒ (የኮምፒውተሩ የቁጥር አድራሻ)፣ ሦስቱም «ሄድ» በሚባለው ሜተድ፣ ሦስቱም 503 ብለው የከሸፉ፣ የሚጠይቁት አድራሻ ደግሞ ዶት ኮም የለው ዶት ኔት የለው፣ ዝም ብሎ የፊደል ክምር። በኛ ፊደል ብናስመስለው እንዲህ ነው፦

10.0.0.37 ቲሲፒ ሚስ 503 ሄድ ኤችቲቲፒ://ቅዥፍውምንትርግብ/
10.0.0.37 ቲሲፒ ሚስ 503 ሄድ ኤችቲቲፒ://ብህዝልጥስንክ/
10.0.0.37 ቲሲፒ ሚስ 503 ሄድ ኤችቲቲፒ://ግዝድፍርጵንኽምስውትል/

ስሙን ኮፒ አድርጋችሁ ጎግል ላይ ብትፈልጉት ምንም አይወጣም። ነገ ደግሞ ሌሎች ሦስት ይመጣሉ፣ የትናንቶቹ አይደገሙም። ሎግ ላይ የማናውቀው ነገር ስናይ መጀመሪያ የምናደርገው ስሙን ሰርች ማድረግ ስለሆነ ሰው ሁሉ የሚጣበቀው እዚህ ጋ ነው፣ ይሄ ጥያቄ በስሙ አይታወቅማ፣ የሚታወቀው በአመጣጡ ነው። ማን እንደሚልከው፣ ለምን እንደሚልከው፣ በምን እንደሚለይ እና ነገሩ መጨረሻ ላይ የት ድረስ እንደሄደ ነው ከታች የምጽፈው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)።

በመጀመሪያ ግን ሰው ለምን ይደነግጥ እንደነበር። ጊዜው መጥፎ ነበር። በ2008 መጨረሻ ላይ ኮንፊከር የሚባለው ዎርም (ራሱን ከማሽን ወደ ማሽን የሚያባዛ ቫይረስ) ወጥቶ በሚሊዮን የሚቆጠር የዊንዶውስ ማሽን ውስጥ ገባ፣ የሱ ዋና ብልጠት ደግሞ ትእዛዝ የሚቀበልበትን አድራሻ በየቀኑ ራሱ እየፈጠረ መሄዱ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ቨርዥኖች በቀን 250 ዶሜይን ይፈጥሩ ነበር፣ በ2009 የመጣው ሲ የሚባለው ደግሞ 50,000 ፈጥሮ ከነሱ ውስጥ 500ውን ይሞክራል። ስለዚ በዛ ዘመን ሴኪዩሪቲ የተማረ አድሚን ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ አንድ ነገር ተቀርጿል፣ የተዘበራረቀ ስም የሚጠይቅ ማሽን ቫይረስ አለበት። ክሮም የወጣው ደግሞ በዛው በ2008፣ ሴፕቴምበር ላይ ነው። ዎርሙና ብራውዘሩ ሎጉ ላይ እኩል ደረሱ ማለት ነው። ማሽኑን ከኔትወርክ ነቅሎ አንቲቫይረስ ሲያስሮጥ የዋለ፣ ምንም ሲያጣ ዊንዶውሱን ፎርማት ያደረገ፣ ከዛ ሰራተኛው ክሮምን መልሶ ሲጭን ሦስቱ መስመሮች ተመልሰው መጥተው ያበሳጩት አድሚን ጥቂት አይመስለኝም።

ረጋ ብሎ ላየው ግን ልዩነቱ እዛው መስመሩ ላይ ነበር። ኮንፊከር የሚፈጥረው ስም ጫፉ ላይ ዶት ኮም ወይ ዶት ኔት ወይ ዶት ኦርግ የመሰለ ነገር አለው፣ ግዴታው ነው፣ የዎርሙ ባለቤት ከዛ ክምር ውስጥ አንዱን ሄዶ ማስመዝገብ አለበታ። ነጥብ የሌለውን ባዶ ስም ግን እንደ ተራ ዶሜይን ገብቶ የሚገዛው ሰው የለም፣ እንደዛ ከሆነ ልክ እንደ ዶት ኮም ራሱን የቻለ ቶፕ ሌቭል ዶሜይን መሆኑ ነው። ታዲያ ማንም ሊያስመዘግበው የማይችለውን አድራሻ የሚጠይቅ ቫይረስ እዛ ማንን ሊያገኝ ነው የሚሄደው? ይቺ ጥያቄ ብቻ ግማሹን ድንጋጤ ታበርደዋለች። ከዛ ሜተዱ አለ፦ «ሄድ» ማለት ገጹን አልፈልግም ሄደሩን ብቻ ላክልኝ ማለት ነው፣ አንድ ነገር መኖር አለመኖሩን ለማወቅ እንጂ ነገሩን ለመውሰድ የሚላክ አይደለም። ቁጥሩም አለ፣ ሁሌ ሦስት፣ ከዛ ጸጥ። ኮንፊከር አይነቱ ጸጥ አይልም።

ለኔ ግን ትልቁ ምልክት ሰዓቱ ነው። የዛን አይፒ መስመሮች ብቻ አውጥታችሁ በሰዓት ብትደረድሯቸው ሦስቱ ስሞች የሚመጡት ብራውዘሩ የመጀመሪያ ገጹን ከጠየቀ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ነው፣ ካልሆነ ደግሞ ላፕቶፑ ከአንዱ ዋይፋይ ወደ ሌላው ሲዛወር። ሌላ ጊዜ የሉም። ስለዚ ሙከራው ቀላል ነው፦ የድሮ ክሮም ያለበት ማሽን ላይ ክሮሙን ሙሉ በሙሉ ዝጉት፣ ዋየርሻርክ (ኔትወርኩ ላይ የሚያልፈውን የሚያሳይ ፕሮግራም) ክፈቱና ፊልተሩን ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ የሚቀይረው ሲስተም) ብቻ አድርጉት፣ ከዛ ክሮሙን ክፈቱና ጠብቁ። ሰባት ሰከንድ አካባቢ ላይ ሦስቱ ይወጣሉ። ዝጉት፣ ድጋሚ ክፈቱት፣ ድጋሚ ሰባት ሰከንድ፣ ሦስት አዲስ ስም። ፋየርፎክስ ብትከፍቱ የሉም። ቫይረስ ቢሆን ኖሮ የትኛው ብራውዘር እንደተከፈተ ምን አገባው።

ሰባት ሰከንዱ ደግሞ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፣ ኮዱ ውስጥ ቁጭ ያለ ቁጥር ነው። ክሮም የሚሰራበት ክሮሚየም ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንም ገብቶ ሊያየው ይችላል፣ እዛ ውስጥ ኢንትራኔት ሪዳይሬክት ዲቴክተር የሚባል ፋይል አለ፣ ስራው ይሄው ብቻ ነው። ብራውዘሩ ሲነሳ ወዲያው ኔትወርኩን እንዳያጨናንቅ ሰባት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዛ ከትናንሽ የላቲን ፊደሎች ብቻ ሦስት ስም ይፈጥራል፣ ቁጥር የለም ሰረዝ የለም፣ መጀመሪያ ላይ ርዝመታቸው ሁሌ 10 ፊደል ነበር፣ በኋላ ከ7 እስከ 15 መሀል እንዲለዋወጥ ተደረገ። ለሦስቱም የ«ሄድ» ጥያቄ ይልካል፣ ያለ ኩኪ፣ ያለ ካሽ። የኔትወርክ አድራሻው ሲቀየርም እንደገና ይደግመዋል። ይሄ ሁሉ ሚስጥርም አልነበረም፣ የክሮም ቡድን ውስጥ የነበረው ማይክ ዌስት በ2012 ቁጭ ብሎ በግልጽ ጽፎታል። ያኔ እሱን አግኝቶ ያነበበ አድሚን ፎርማት ከማድረግ ተርፏል።

እሺ፣ ግን አንድ ብራውዘር የሌለ አድራሻ ሆን ብሎ ለምን ይጠይቃል?

ነገሩ የሚጀምረው ከአድራሻ ሳጥኑ ነው። ከክሮም በፊት አብዛኛው ብራውዘር ላይ ሁለት ሳጥን ነበር፣ አንዱ ለአድራሻ አንዱ ለሰርች። ክሮም ሁለቱን አንድ አድርጎ ኦምኒቦክስ አላቸው፣ ለተጠቃሚው ጥሩ ነው፣ ለኮዱ ግን ጣጣ አመጣ። አንድ ሰው ሳጥኑ ላይ «ፔይሮል» ብሎ አንዲት ቃል ጽፎ ኢንተር ቢጫን ምን ማለቱ ነው? ስለ ፔይሮል ሊያነብ ፈልጎ ነው፣ ወይስ መስሪያ ቤቱ ውስጥ ፔይሮል የሚባል ሰርቨር አለና ወደሱ ሊገባ ነው? ትልልቅ መስሪያ ቤቶች ውስጥ እንደዚህ በአንድ ቃል የሚጠሩ የውስጥ ሰርቨሮች ብዙ ናቸው። ክሮም መሀሉን ያዘ፦ ሰርቹን ያሳያችኋል፣ ከጀርባ ደግሞ በዛ ስም የሚጠራ ሰርቨር መኖሩን ይጠይቃል፣ ካለ ከላይ በኩል ቀጭን ባር አውጥቶ «ወደዚህ አድራሻ መሄድ ፈልገው ነበር?» ይላል። ብልህ ሀሳብ ነው፣ ዲኤንኤስ እውነቱን እስከተናገረ ድረስ።

ችግሩ ዲኤንኤስ ሁልጊዜ እውነቱን አይናገርም። የሌለ ስም ስትጠይቁት መመለስ ያለበት ኤንኤክስ ዶሜይን የሚባለውን መልስ ነው፣ የለም ማለት ነው፣ አለቀ። አንዳንድ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ግን ከዚህች የለም ከምትለው መልስ ገንዘብ ማውጣት ጀመሩ፦ የሌለ አድራሻ ስትጽፉ የለም ከማለት የራሳቸውን ሰርቨር አይፒ ይመልሱና ማስታወቂያ የተሞላ የሰርች ገጽ ይከፍቱላችኋል። ስልክ ተሳስታችሁ ስትደውሉ «የደወሉለት ቁጥር አገልግሎት ላይ አይደለም» ከመባል ፈንታ አንዱ አንስቶ ሶፋ ልሽጥልዎት ቢላችሁ እንደማለት። አሜሪካ ውስጥ ኮምካስት በ2009 ዶሜይን ሄልፐር ብሎ ይሄንኑ ጀምሮ ነበር፣ በ2012 መጀመሪያ ላይ ዲኤንኤስሴክን ለደንበኞቹ ሁሉ ሲያበራ አቆመው፣ የዲኤንኤስን መልስ በፊርማ የሚያረጋግጥ ሲስተም እየተከሉ በዛው እጅ መልሱን መቀየር አብሮ አይሄድማ። እሱ ብቻ አይደለም፣ ብዙ ነበሩ።

ትልቁ ቅሌት ግን ከነሱ ሁሉ በፊት የመጣው ነው። ዶት ኮምን እና ዶት ኔትን የሚያስተዳድረው ቬሪሳይን ሴፕቴምበር 15 ቀን 2003 ሳይት ፋይንደር የሚባል ነገር አበራ፣ ማንም ሰው የትም ዓለም ሆኖ ያልተመዘገበ የዶት ኮም ወይ የዶት ኔት ስም ቢጽፍ ወደ ቬሪሳይን ገጽ ይሄዳል፣ አቅራቢውን ቀይሮ የሚያመልጥበት መንገድ እንኳን የለውም፣ ምክንያቱም የተቀየረው ምንጩ ላይ ነው። የላኪው ዶሜይን መኖር አለመኖሩን አይቶ ስፓም የሚለይ የኢሜይል ፊልተር ሁሉ ተዘበራረቀ፣ ሁሉም ዶሜይን «አለ» ሆነበት። ባይንድ የሚባለው የዲኤንኤስ ሰርቨር ፕሮግራም ሰሪዎች ይሄን የሚያልፍ ፓች በጥድፊያ አወጡ፣ የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተባብረው አይካን አቁም ብሎ ጻፈ፣ ኦክቶበር 4 ላይ ተዘጋ። ሦስት ሳምንት እንኳን አልሞላም። የቬሪሳይንን ስም ያዙልኝ፣ በኋላ በሌላ ወንበር ተቀምጦ ይመጣል።

አሁን ክሮም እንደዚህ የሚያጭበረብር ኔትወርክ ውስጥ ቢከፈት አስቡት። ተጠቃሚው «ዳቦ» ብሎ ሰርች ያደርጋል፣ ክሮም ዳቦ የሚባል ሰርቨር አለ ወይ ይላል፣ አቅራቢው አዎ አለ ይላል (ሁሉም ነገር አለ ነው የሚለው)፣ ባሩ ብቅ ይላል። «ሙቀት» ብሎ ሲፈልግ ብቅ፣ «ቤንዚን» ሲል ብቅ። በየሰርቹ። ይሄን ለማስቀረት ነው ሦስቱ ስሞች የተፈጠሩት። ክሮም እንደተነሳ ይኖራሉ ተብለው የማይጠበቁ ሦስት ስሞች ይጠይቃል፣ ሦስቱም የሉም ከተባሉ ኔትወርኩ ንጹህ ነው፣ ቢያንስ ሁለቱ ተመላልሰው አንድ ቦታ ላይ ካረፉ ግን ይሄ ኔትወርክ ይዋሻል ማለት ነው፣ እና ክሮም ያቺን ማረፊያ አድራሻ ይይዛታል፣ ከዛ በኋላ የተጻፈች ቃል ወደዛው አድራሻ ብትወስደው ባሩን አያወጣም። አንድ ስም ብቻ ቢሆን በአጋጣሚ ሊኖር ይችላል፣ ለዛ ነው ሦስት የሆነው።

እስካሁን ያወራነው ስለ ፕሮክሲ ሎግ ነው። ፕሮክሲ ላይ ስሙ በግልጽ የሚታየው ብራውዘሩ ራሱ ዲኤንኤስ ስለማይጠይቅ ነው፣ ሙሉ አድራሻውን ለፕሮክሲው ይሰጣል፣ ፕሮክሲው ፈልጎ ያጣውና 503 ይመልሳል። ግን እነዚህ ጥያቄዎች የራሳችሁ ዌብ ሰርቨር ላይም ሊያርፉ ይችላሉ፣ እና እሱ ይበልጥ ግራ የሚያጋባ ነው። እንዴት መሰላችሁ፣ ብዙ መስሪያ ቤት ኮምፒውተሮቹ ላይ የዲኤንኤስ ሰርች ሰፊክስ ያስገባል፣ ሰራተኛው «ፔይሮል» ሲል ሲስተሙ ከኋላው የድርጅቱን ዶሜይን ቀጥሎ እንዲጠይቅ። እዛው ዶሜይን ላይ ደግሞ አንዱ ስራ እንዲቀልለት ብሎ ዋይልድካርድ ሪከርድ አስገብቶ ከሆነ፣ ማለትም በዚህ ዶሜይን ስር የሚጠየቅ ማንኛውም ስም ወደ ዋናው ዌብሳይት ይሂድ ካለ፣ የክሮም ሦስት ስሞች ሰፊክስ ይጨመርላቸውና በዋይልድካርዱ በኩል ወደ ድርጅቱ ዌብ ሰርቨር ይመጣሉ።

እና የዌብ ሰርቨሩ ፕሮግራም፣ አፓቺው ወይ ኤንጂንኤክሱ፣ ምን ያያል? ከውስጥ ማሽኖች ጠዋት ጠዋት ሦስት ሦስት እየሆኑ የሚመጡ የ«ሄድ» ጥያቄዎች ለዋናው ገጽ፣ ሪፈረር (ከየትኛው ገጽ እንደመጡ የሚናገረው) የላቸውም፣ ኩኪ የላቸውም፣ ምስል አይጠይቁም ስታይል አይጠይቁም፣ መጥተው ነክተው ይሄዳሉ። ፖርት ስካን የሚመስል፣ ወይ ደግሞ አንዱ የሞኒተሪንግ ቱል ያስገባ የሚመስል ነገር። ይሄን ይበልጥ የሚያጨልመው ደግሞ ሁላችንም የምንጠቀምበት ኮምባይንድ የሚባለው የሎግ ፎርማት ነው፦ አይፒውን፣ ሰዓቱን፣ የጥያቄውን መስመር፣ ስታተሱን፣ ሪፈረሩን፣ ዩዘር ኤጀንቱን (የብራውዘሩን ስምና ቨርዥን) ይጽፋል፣ የሆስት ሄደሩን (የተጠየቀውን የሰርቨር ስም) ግን አይጽፍም። ሚስጥሩ ያለው ደግሞ እዛው ሆስት ሄደር ውስጥ ነው። ብራውዘሩ ስለ ሰፊክሱ ምንም አያውቅም፣ ሰፊክሱን የጨመረው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው፣ ስለዚ ብራውዘሩ በሆስት ሄደሩ የሚልከው ያችኑ ነጥብ የሌላትን የተዘበራረቀች ስም ነው። ፎርማቱ ላይ ሆስቱን ጨምራችሁ ሰርቨሩን ሪሎድ ብታደርጉ በማግስቱ ጠዋት ሦስቱ ስሞች ፊት ለፊት ይቆማሉ። በነገራችን ላይ ከዚህ ጉዳይ ውጭም ቢሆን የሆስት ሄደርን ሎግ አለማድረግ ለምን ልማድ ሆኖ እንደቀረ አይገባኝም፣ አይፒውን ብቻ ይዞ የሚቃኝ ቦትንና በስማችሁ የመጣ እውነተኛ ጎብኚን የሚለየው ቀላሉ ነገር እኮ እሱ ነው።

ኤንጂንኤክስ ላይ ከሆነ አንድ ትንሽ ነገር ልብ በሉ፣ ሆስት የሚለውና ኤችቲቲፒ ሆስት የሚለው ቫሪያብል አንድ አይደሉም፣ የመጀመሪያው ሄደሩ ባዶ ሲሆን የሰርቨሩን ስም ይተካበታል፣ ሁለተኛው ደንበኛው የላከውን እንዳለ ነው የሚያስቀምጠው። ለእንደዚህ አይነት ምርመራ የሚፈለገው ሁለተኛው ነው።

እዚህ ድረስ ያለው የአንድ ቢሮ ጉዳይ ነው፣ ሦስት መስመር በቀን፣ ማንንም አይጎዳም። ነገሩ ጥናት የሚገባው ያደረገው ከሌላኛው ጫፍ ስናየው ነው።

ነጥብ የሌለው ስም ለዲኤንኤስ ሪዞልቨር (ስም ተቀብሎ አይፒውን ፈልጎ ለሚያመጣው ሰርቨር) ሲደርሰው ሪዞልቨሩ እንደ ቶፕ ሌቭል ዶሜይን ነው የሚያየው፣ ዶት ኮም የት ነው እንደሚለው ሁሉ ዶት ቅዥፍውምንትርግብ የት ነው ብሎ መጠየቅ አለበት፣ ይሄን የሚያውቁት ደግሞ ሩት ሰርቨሮች ብቻ ናቸው። ሩት ሰርቨሮች ከኤ እስከ ኤም 13 ስም አላቸው፣ 12 ድርጅቶች ናቸው የሚያስተዳድሯቸው፣ የኢንተርኔት ስም ሁሉ ከነሱ ይጀምራል። ንድፉ በካሽ ላይ የቆመ ነው፦ ሪዞልቨሩ ዶት ኮም የት እንዳለ አንዴ ከጠየቀ ቀኑን ሙሉ ከዛም በላይ ይይዘዋል፣ የለም የተባለውንም ስም እንደዛው እስከ አንድ ቀን ይይዛል። የክሮም ስሞች ግን ካሹን ከንቱ ያደርጉታል፣ አይደገሙማ። ባለ 7 ፊደሉ ብቻ 8 ቢሊዮን አካባቢ የተለያየ ስም ይወጣዋል፣ ባለ 10 ፊደሉ ከ141 ትሪሊዮን በላይ። የለም የተባለውን ስም ሪዞልቨሩ ቢይዘውም ያንን ስም ዳግመኛ የሚጠይቀው የለም። ስለዚ እያንዳንዷ ጥያቄ እስከ ሩት ድረስ ትወጣለች፣ አይፒቪ4 እና አይፒቪ6 አድራሻ ለየብቻ ስለሚጠየቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ሁለት እየሆነች።

ክሮም የጥቂቶች ብራውዘር በነበረ ጊዜ ይሄ አይታይም ነበር። በኋላ ግን ክሮም ከዓለም አንደኛ ሆነ፣ ኦፔራም ብሬቭም በክሮሚየም ላይ ናቸው፣ በጃንዋሪ 2020 የማይክሮሶፍት ኤጅም ወደ ክሮሚየም ገባ። በኦገስት 2020 የቬሪሳይኑ ማቲው ቶማስ የእስያ ፓስፊክ የአይፒ አድራሻ መዝጋቢ በሆነው በኤፕኒክ በኩል ያወጣው ጽሁፍ ሁሉንም አስደነገጠ፦ ወደ ሩት ሰርቨሮች ከሚመጣው ትራፊክ ግማሽ የሚሆነው ይሄው የክሮሚየም ሙከራ ነው፣ በቀን ወደ 60 ቢሊዮን ጥያቄ። አዎ ያው ቬሪሳይን፣ በ2003 በዓለም ላይ ትልቁን የዲኤንኤስ ማጭበርበር ያበራው፣ ኤ እና ጄ የሚባሉትን ሩቶች የሚያስተዳድረው እሱ ስለሆነ አሁን ደግሞ ያንን አይነት ማጭበርበር ለመያዝ የተሰራ ኮድ ሸክም ሆነብን ብሎ ቆጥሮ ያቀረበው እሱ ነው። ቁጥሩ ግን ትክክል ነው፣ ይሄን መካድ አይቻልም።

እንዴት ለዩት ብትሉ፣ እዛም ስሙን አይደለም ያዩት፣ ቅርጹን ነው። ነጥብ የሌለው፣ ከ7 እስከ 15 ፊደል፣ ትናንሽ የላቲን ፊደል ብቻ፣ የማይደገም። ሰው በስህተት የሚጽፋቸው እና የተበላሹ የውስጥ ኔትወርኮች የሚያፈሱት ስሞች ይደጋገማሉ፣ «ሎካል»፣ «ሆም»፣ «ኮርፕ» የመሰሉት በየቀኑ በሚሊዮን ይመጣሉ፣ እነዚህ ግን አንዴ ታይተው ይጠፋሉ። የአንድ ቢሮ አድሚን ፕሮክሲው ላይ ያየውን ቅርጽ ነው ሩት ላይ የተቀመጠው ሰው ያየው፣ ልዩነቱ አንዱ ሦስት መስመር ነው ያየው፣ ሌላው ቢሊዮን።

ሩት ሰርቨሮቹ አልወደቁም፣ ይሄም መባል አለበት። ለጥቃት ተብለው ከሚያስፈልጋቸው በላይ ሰፍተው የተሰሩ ናቸው። ሪዞልቨሮች ከሩት ዞኑ (የቶፕ ሌቭል ዶሜይኖቹ ዝርዝር) ፊርማ ተነስተው በዚህና በዚህ መሀል ምንም ስም የለም ብለው ራሳቸው እንዲመልሱ የሚያስችል ስታንዳርድም በ2017 ወጥቷል፣ ያበራው ግን ሁሉም አልነበረም። ቢሆንም በዲኤንኤስ አለም ሌላ ጊዜ ትራፊኩ ግማሽ በግማሽ በማይረባ ጥያቄ የሚሞላው ሰው ሲያጠቃ ነው። እዚህ ግን የሚያጠቃ የለም፣ አንድ ቀጭን ባር በስህተት ብቅ እንዳትል ነው ይሄ ሁሉ። የክሮም ቡድን ለምን ቶሎ አላየውም ለሚለው የኔ መልስ፣ ከነሱ ወንበር ሆኖ ሲታይ ወጪው ዜሮ ነው፣ አንድ ብራውዘር ሦስት ትንሽ ጥያቄ፣ ምንም ገጽ አይዘገይም፣ ማንም ተጠቃሚ አያማርርም። ሒሳቡ የሚደርሰው ኮዱን ለማያውቁት ሰዎች ነው፣ ሩት ለሚያስተዳድሩት፣ እና ፎርማት ለሚያደርገው ምስኪን አድሚን።

ጽሁፉ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ተስተካከለ፣ በኖቬምበር 2020 በወጣው ክሮም 87 ላይ ሙከራው በዲፎልት ጠፋ። ውጤቱ ግራፉ ላይ እንደ ገደል ነው የሚታየው። ቬሪሳይን በ2021 መጀመሪያ ባወጣው ቁጥር ከመስተካከሉ በፊት ሩት ሰርቨሮቹ ሁሉ ተደምረው በቀን እስከ 143 ቢሊዮን ጥያቄ ይደርሳቸው የነበረው ወደ 84 ቢሊዮን ወረደ፣ ከ41 በመቶ በላይ ቅናሽ፣ አንድ ሶፍትዌር ላይ አንድ ነገር በማጥፋት ብቻ። ሰው ብራውዘሩን አፕዴት ባደረገ ቁጥር ግራፉ አብሮ ይወርድ ነበር።

ዛሬ ታዲያ እነዚህን ሦስት መስመሮች ብታዩ ምን ማለት ነው? የመጀመሪያው ግምት አፕዴት ያልተደረገ ብራውዘር ነው፣ ዩዘር ኤጀንቱ ላይ ከ87 በታች የሆነ ቁጥር ካለ ጨርሳችኋል፣ ግን ከዛ የባሰ ነገር ነው ያገኛችሁት፣ ያንን ያህል ያረጀ ብራውዘር ኢንተርኔት ላይ መውጣቱ ራሱ ከማንኛውም የተዘበራረቀ ስም በላይ ያስፈራል። ዩዘር ኤጀንት ግን ማንም የፈለገውን መጻፍ ስለሚችል እሱን ብቻ አትመኑ፣ ሦስትነቱን፣ ሰባት ሰከንዱን፣ የ«ሄድ» ሜተዱን አብራችሁ እዩ። ስሙ ነጥብ ካለው፣ ወይ «ጌት» እና «ፖስት» ከሆነ፣ ወይ ሌሊት ማንም በሌለበት ቀጥ ብሎ የሚመጣ ከሆነ ይሄ ጉዳይ አይደለም፣ የኮንፊከር ዘመዶች ዛሬም አሉ፣ ማሽኑን ንቀሉት።

በነገራችን ላይ ይሄ አይነቱ ነገር በክሮም የተጀመረ አይደለም፣ አያልቅምም። በ1999 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ሲወጣ ሰው ገጹን ፌቨሪት ሲያደርግ ብራውዘሩ ማንንም ሳያማክር ፋቪኮን የሚባል ፋይል ከሳይቱ ስር ይጠይቅ ነበር፣ ያኔ የሳይት ባለቤቶች ሎጋቸው በ404 (ፋይሉ የለም በሚለው መልስ) ሲሞላ ግራ ገባቸው፣ አንዳንዱ ነቅቶ ያንን 404 እየቆጠረ ስንት ሰው ሳይቴን ፌቨሪት አደረገ ይል ነበር። በ2025 ደግሞ ዴቨሎፐሮች የራሳቸው ሎካልሆስት (የራሳቸው ኮምፒውተር ላይ የሚሰራ ሰርቨር) ላይ ዌል ኖውን ከሚባል ፎልደር ስር የክሮም ዴቭቱልስ (የዴቨሎፐሮች መሳሪያ) ጄሰን ፋይል የሚጠይቅ 404 አይተው ተንጫጩ። እሱም ቅርጹ ይናገራል፦ ዴቭቱልሱን ስትከፍቱ ብቻ ነው የሚመጣው፣ ስትዘጉት የለም። ዴቭቱልሱ የፕሮጀክቱ ፎልደር የት እንዳለ የሚነግረው ፋይል እየፈለገ ነው፣ እዛው ፎልደር ውስጥ በቀጥታ ኤዲት እንድታደርጉ። ካልፈለጋችሁት 404ቱን መተው ነው፣ ምንም አይሆንም።

ወደ ሦስቱ ስሞች ስመለስ አንድ የቀረ ነገር አለ። ብራውዘሩ አዲስ ሆኖ፣ ማሽኑ ንጹህ ሆኖ፣ ሦስቱ ስሞች ግን እየመጡ ሊሆን ይችላል። ይሄ የሚሆነው ድርጅቱ ራሱ ሲያበራው ነው፣ ኢንትራኔት ሪዳይሬክት ቢሄቪየር የሚባል የአድሚን ፖሊሲ አለ፣ ከክሮም 88 ጀምሮ የገባ፣ እሴቱ 3 ከሆነ ሙከራውንም ባሩንም መልሶ ይፈቅዳል። በአንድ ቃል የሚጠሩ የውስጥ ሰርቨሮች ያሉት መስሪያ ቤት ሊፈልገው ይችላል። ስለዚ ማሽኑ ላይ ሂዱና አድራሻ ሳጥኑ ላይ ክሮም ብላችሁ ሁለት ነጥብ፣ ሁለት ስላሽ፣ ፖሊሲ ብላችሁ ግቡ (ሁሉንም በላቲን ፊደል)፣ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ያስገባው ከናንተ በፊት እዛ ወንበር ላይ የነበረው አድሚን ነው።